የበቅሎዋ ቃጭል

«ዳር ያዙ!» እያልኩ መጮኽ ትቻለሁ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የሚጮኸው ቃጭሉ ነው። ኮረኮንቹ ብስክሌቴን ባነጠረው ቁጥር መሪው ላይ ያቃጭላል፤ ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ለገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ ይሰማኛል። መስማቱንስ ይሰማል፤ ያናደደኝ ከሰማ በኋላ የሚያደርገው ነው።

ድምፁ ሲደርሰው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይልና ይቆማል። ከዚያ ተረጋግቶ ይዞራል፤ በቅሎ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሰላምታ ይገባዋላ! ሲዞር ግን በቅሎ የለችም። አፍንጫው ሥር የደረሰችው ሱሪ የለበሰች ጤና ረዳት ናት። ቆዳ ነጋዴውን ሙሳን ለጥቂት ነው የሳትኳቸው።

«ያ ረቢ! ሙሉ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» እያሉ ከኋላዬ ጮኹ። «እኔኮ አባትሽ በበቅሏቸው የመጡ መስሎኝ ሰላም ልል ነው የቆምሁ!»

ሐሳቡ የአባቴ ነው። የብስክሌቴ ደወል ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሰሞኑን እንጨት የተሸከመች ሴት ልገጭ ትንሽ ሲቀረኝ አይተው እንቅልፍ አጡ። «ይኼ ነገርሽ ድምፅ የለው፤ እንደ ድመት ነው ሰው ላይ የሚደርስ» አሉ። ዛሬ ጠዋት በእግራቸው ወደ ገበያ ከመውረዳቸው በፊት ቃጭሉን ከግድግዳ አውርደው መሪው ላይ በጠፍር አሰሩልኝ። አፍሬበታለሁ፤ እምቢ ማለት ግን አልሆነልኝም። ከበቅሏቸው የቀረላቸው እሱ ብቻ ነው።

በቅሎዋን ባለፈው ኅዳር ወታደሮች ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር መጥተው፣ የአገር ጥሪ ነው ብለው ወሰዷት፤ ጉና ላይ ጥይት ልትጭን። ሊነዷት ሲሉ አንዱ ቃጭሉን ከአንገቷ በሳንጃ በጥሶ አባቴ እግር ሥር ጣለው። «ተራራው ላይ እየጮኸች ታስፈጀናለች» አለ። አባቴ ቃጭሉን አንሥተው በጋቢያቸው ጠረጉት፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ሁለቱንም ፍሬኖች ይዣለሁ፤ የኋላው ግን ካለቀ ቆይቷል፣ የሚያቆመኝ የፊተኛው ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ የወታደር መኪና እያጓራ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማኛል። እነሱ ደግሞ ለሰው ብለው ፍጥነት አይቀንሱም። ጥጌን ልይዝ ስል ከፊቴ አባቴን አየኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ይወርዳሉ።

ቃጭሉ ጮኸ። ዱላው ከትከሻቸው ወደቀ።

ዞሩ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ፊታቸው ላይ ከኅዳር ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ አለ። ልጓም ሊይዙ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መንገዱ መሀል ገቡ።

«አባባ! ዳር ይያዙ! አባባ!»

አይሰሙም። የሚሰሙት ቃጭሉን ብቻ ነው። መኪናው ከመታጠፊያው ብቅ አለና ክላክሱን አንባረቀው፤ እሳቸው አሁንም ወደ ድምፁ ይመጣሉ። ይህ ድምፅ ካልቆመ አባቴ መሞታቸው ነው። የፊት ፍሬኑን ለቀቅኩና በዚያው እጄ ቃጭሉን ጨበጥኩት።

ዝም አለ።

አባቴ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። ያን ጊዜ አዩኝ፤ በአንድ እጇ ቁልቁል የምትበርረውን ልጃቸውን። ቀጥሎም መኪናውን። ወደ ኋላቸው ዘለው ዳር ሲወጡ አየሁና መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩት።

ዓይኔን ስገልጥ አካባቢው አቧራ ብቻ ነው። መኪናው አልፏል። ጉልበቴ ይደማል፤ ጣቶቼ ቃጭሉን እንደጨበጡ ናቸው።

«ሙሉዬ! ተሰበርሽ ወይ? ሙሉዬ!» አባቴ ቦዩ ውስጥ ተንበረከኩ።

«ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ?»

በጋቢያቸው ጫፍ ጉልበቴን ይጠርጋሉ።

«የመጣች መሰለኝ» አሉ። «ያሰርሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ዛሬ ጠዋት። ጆሮዬ ግን አልሰማኝም።»

ጎንበስ ብለው ጠፍሩን ሊፈቱት ሞከሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ላግዛቸው እችል ነበር፤ አላገዝኳቸውም። ጠዋት ያፈርኩበትን ነገር አሁን ሲወስዱብኝ አንጀቴ አልቻለም።

«ይቆይ አባባ» አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። «ሰው ሁሉ ይሰማዋልኮ። ፍጥነቴ ነው ከቃጭሉ ጋር ያልገጠመው።»

ቃጭሉን አገላብጠው ሲያዩት ቆዩ።

«እንግዲያ በእሷ እርምጃ ሂጂ» አሉ። «ቁልቁለት ላይ እሷ ሮጣ አታውቅም።»

ብስክሌቱን ተጋግዘን ከቦዩ አወጣነው። የፊት ጎማው ተጣሟል፣ አይነዳም። አባቴ ዱላቸውን አነሡ፤ እኔን በጥጉ በኩል አድርገው እሳቸው መኪና በሚያልፍበት በኩል ሆኑ። መሪውንም ከቃጭሉ ጠጋ ብለው፣ ልጓም እንደሚያዝ ያዙት። እያነከስኩ አብሬ ወረድኩ። ቃጭሉ ረጋ ብሎ ያቃጭላል።

ከፊታችን ዶሮ አንጠልጥላ የምትሄድ ጎረቤታችን ወርቅነሽ ዞር ሳትል ዳር ያዘች።

«እንዴት አደሩ አያ ይርጋ!» አለች፣ የምትረግጠውን ድንጋይ እያየች። «እሰይ፣ በቅሎዎ ተመለሰችልዎ?»

አባቴ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ልጄ ናት» አሉ።