ቀጣዩ ፖስታ

«እትዬ፣ ዕጣው ለመድኃኒት ብቻ ነው የወጣው» አለ ዶክተሩ፣ ከፖስታው ያወጣውን ባለ አንድ መስመር ወረቀት እያሳያት። በጭን ገብቶ ጭንቅላት ውስጥ የረጋውን ደም ጎትቶ የሚያወጣው ሽቦ ለባሏ አልደረሰውም ማለት ነው። ከዶካ የሰሊጥ ማሳ በሎሪ ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ያመጣችው ባሏ አፉ ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ አልጋው ላይ ሆኖ ያያት ነበር።

«ሰው በዕጣ ይታከማል እንዴ?»

«ጥናት ነው ብዬ ነግሬዎት ጣትዎን አትመዋል እኮ። የትኛው እንደሚሻል እኛም ገና አላወቅንም።»

«ወግድ! ዕቁብ እንኳ ለቸገረው ያስቀድማል» ብላ ቀጣዩን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን መንጭቃ ቀደደችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን የዚህኛው ወረቀት ጽሑፍ ሁለት መስመር ነበር፤ መድኃኒቱም ሽቦውም ማለት ነው። ሽቦው እጇ ገባ!

«እሱ የሚቀጥለው በሽተኛ ዕጣ ነው፣ እትዬ!»

ይህን እንዳለ በሩ ተበረገደና እጇ ላይ የሙሽርነት ሂና ያልለቀቀ ልጅ በቃሬዛ ገባች። የእሷም አፍ ተጣሟል። ተከትላት የገባችው እናቷ ዶክተሩን አልፋ፣ ፖስታ የያዘችው ሴት እግር ላይ ወደቀች።

«ሐኪም፣ ልጄን አድኚልኝ!»

ሴትዮዋ ፖስታውን ልትሰጣት ፈለገች፤ ልትደብቀውም ፈለገች። እጇ እንደ ባሏ እጅ አልታዘዝ አላት።