ቁርስ በልተሃል?

ከእድሩ ከወጣ ወዲህ የጎረቤት እግር ደጁን ረግጦ አያውቅም። "ሰው ሲበዛ ጣጣ ነው፤ እኔና ልጄ እንበቃለን" ይል ነበር። ልጁ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ትናንት ወደ መተማ ወጥቷል።

ዛሬ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ከፊት፣ ሰፈርተኛው ከኋላ ሆነው ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አንዳቸውም ዓይኑን አያዩትም።

"እድር ተመለስ ልትሉኝ ከሆነ አትድከሙ" አላቸው።

"ለሱ አይደለም የመጣነው" አሉ አቶ ሽብሩ። "ቁርስ በልተሃል?"

"የኔ ቁርስ እናንተን ምን አገባችሁ?"

ከሰፈርተኛው መሃል እትዬ ውዴ ክንዱን ይዘው አስቀመጡትና ፍርፍር የሞላ ሳህን ጭኑ ላይ አኖሩለት። "እስቲ እህል ቅመስ፣ ወንድሜ።"

የድምፃቸው መለስለስ አስፈራው። እምቢ ማለት አቅቶት መጉረስ ጀመረ። ከደጅ የድንኳን ብረት ሲንኳኳ ተሰማ።

መጉረሱን ገታ አደረገ። አባቱ የሞቱ ጊዜም እንዲሁ አብልተው ነበር ያረዱት።

ሁሉም ሳህኑን እያዩ ይጠብቃሉ። ፍርፍሩ ወደ ማለቁ ነው።

"እትዬ ውዴ" አለ ቀና ሳይል፣ "ትንሽ ይጨምሩልኝ።"