የመንገደኛ እግር

ሳፋውን ለብ ባለ ውሃ ሞልታ አመጣችና ከታናሽ እህቷ ከሆሳዕና እግር ሥር ተንበረከከች። ሆሳዕና ሁለት ቀን ሙሉ የወንጪን ተራራ በእግሯ ስትዞር ከርማ አየር ጤና ከአውቶቡስ የወረደችው ገና አሁን ነበር።

"ኧረ ተይ እትዬ! ታላቄ ሆነሽ?"

"ከመንገድ የገባ ሰው እግሩ ይታጠባል። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።"

የሆሳዕና ተረከዝ ውሃ ቋጥሯል፤ በጣቶቿ መሃል ጭቃ ደርቋል። የታላቅየዋ ባል ከሶፋው ጫፍ ድረስ ተስቦ መጥቶ፣ "እሺ ከዚያስ? ፈረሱ እምቢ ሲል በእግራችሁ ወጣችሁት?" እያለ ይጠይቃል። ባለፈው ሳምንት ላንጋኖ ሪዞርት "ጀልባ እንኳን እንሳፈር" ብላ ስትለምነው፣ "እረፍት ማለት መተኛት ነው" ብሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ የደፋ ሰውዬ! አሁን ዓይኑ በርቷል።

"በሚቀጥለው እኔም አለሁበት" አለ። "እኛማ ሦስት ቀን ተጋድመን መጣን።"

"እኛ" አለ። የእህቷን ተረከዝ ጫን አድርጋ አሸችው።

"እትዬ፣ አመመኝ!"

"ቻይው፣ ጭቃው አልለቅ ብሎ ነው።"

የደፈረሰውን ውሃ ይዛ ጓሮ ወጣች። ቦዩ ውስጥ ልትደፋው ጎንበስ ካለች በኋላ ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም የለም። የባሏ ሳቅ ግን እስከ ጓሮ ይሰማል። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና፣ ሪዞርቱ ውስጥ ሮዝ የተቀቡትን የእግሮቿን ጥፍሮች ቀስ አድርጋ ሳፋው ውስጥ ካለው ጭቃማ ውሃ ነከረች።