ከሌላ ሱቅ የተገዛ ቱቦ

ሚስቱ የቧንቧና የብረታ ብረት ሱቅ እያላት ቱቦ ከሌላ ሱቅ የሚገዛ ባል፣ አንድ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ባለሱቋ ወሬውን የሰማችው ደግሞ ከራሱ ከሻጩ ነው። ሰውየው ላይኛው መንገድ ላይ የሚነግድ ተፎካካሪዋ ሲሆን፣ አፉ ስለማይዘጋ ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለዋል።

«እትዬ፣ ከባልሽ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «ትናንት እኔ ዘንድ መጥቶ የፒቪሲ ቱቦ፣ ጠንካራ ሞላ፣ የላስቲክ ጎሚኒና የቡሎን ሮንዴላ ገዛ። ስፖንጅም ጨመረበት።»

«ምን ሊሠራበት?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ‹ለባለቤቴ እንዳትነግራት› ብሎኛል።»

«አንተም አልነገርከኝም።»

«ኧረ በጭራሽ!» ብሎ ራዲዮ መንገዱን ቀጠለ።

እሷ በሩ ሥር በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ይህ በርጩማ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይወላገድ ነበር። ባሏ ሰሞኑን ወስዶ አዲስ እግር ተገጥሞለት መለሰው፤ ሚስማር የሚባል የሌለበት፣ ልቅም ያለ ሥራ። ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ እቤት የተሰበረውን ሁሉ በሽቦና በፕላስተር ነበር የሚያስረው። ያን ለት ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን እሱም ሸተታት። ጥፋት ያለበት ባል ነው እቤቱ ዕቃ የሚጠግነው።

ነፍሷን ይማርና እናቷ «ወንድ ዕቃ ልገዛ ካለሽ አብረሽው ውጪ» ትላት ነበር። ቀምሳው ነዋ! ባሏ፣ የባለሱቋ አባት፣ እንጨት ገዝቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ባለሱቋ ያኔ የወተት ጥርሷን ገና እየነቀለች ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሰውየው ስም አልተነሳም።

ከሰዓት በኋላ ወደ መኖሪያቸው፣ ከሱቁ በላይ ወዳለው ቤት ወጣች። ባሏ ወለሉ ላይ ተዘርፍጧል። ሞላውን ቱቦው ውስጥ ከትቶ፣ ሮንዴላዎቹን በጎሚኒ አልብሶ መግፊያ አድርጓቸዋል፤ አንድ የታጠፈ ሚስማር ምላጭ ሆኖለታል። አጠገቡ በጣት ልክ የተቆራረጠ ስፖንጅ ተከምሯል።

«ይሄ የልጅ ጠመንጃ አይደል?» አለችው። «እኛ ቤት ደግሞ ልጅ የለም።»

«ለሥራ ነው። ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ ለማሳለፍ። ክሩን ስፖንጁ ላይ አስሮ መተኮስ ነው፤ ከዚያ ክሩ ሽቦውን ይስበዋል።»

ምላጩን ሳበው። ጧ! ስፖንጁ ክሩን አስከትሎ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ አረፈ። ሥራው ግሩም ነበር፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ታዲያ ከራዲዮ ለምን ገዛህ?»

«አንቺ ዘንድ ያለው ሞላ ልል ነው።»

ውሸቱንስ ትችለው ነበር፤ ሞላዋን ሲያማባት ግን ደሟ ፈላ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ምሳውን የኋላው በረንዳ ላይ ካልሆነ አልበላም ማለት ጀመረ። ድስቱ ይጎድላል፤ እሱ ግን ያው እንደ ሸንበቆ ነው። ልብስ ማስጫው ላይ የነበረው ቢጫ ሻሿም ጠፋ። «ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሱቋን ክፍት ትታ፣ ጫማዋን አውልቃ ደረጃውን ወጣች። በበረንዳው በር ቀዳዳ አጮለቀች። ከጎረቤት ግቢ ባሻገር አንድ ፎቅ አለ። ባሏ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት አነጣጥሮ ተኮሰ። ከመጋረጃው ጀርባ እጅ ወጣና ክሩን ሳበ። ክሩ ገመድ አስከተለ፤ ገመዱ ምሳ ዕቃ አስከተለ። መስኮቱ ላይ የታሰረው ቢጫ ነገር የእሷ ሻሽ ነው።

«የገዛ ሻሼ!» አለች በሹክሹክታ። «የገዛ ምግቤ!»

አሁን ሁሉም ተገለጠላት። ያ ክፍል የተከራየው እሷ አራስ እህቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ሳምንት ነው። መብራቱን የዘረጋውም ባሏ ነው፤ «ማን ገባበት?» ብትለው «እኔ ሶኬት እንጂ ሰው አላውቅም» ብሏት ነበር። የፎቁ መግቢያ ከበርጩማዋ ላይ ወለል ብሎ ይታያል፤ በእግሩ ቢሄድ ታየዋለች። ለካ ለዚህ ነው በሰማይ የሚልከው! ተከራይዋም አንድ ቀን ወደ መንገድ ወርዳ አታውቅም። ምን ቸግሯት ትውረድ፣ ምሳዋ በአየር እየመጣላት!

ወርዳ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ከመደርደሪያው አነሳች። ራዲዮ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ቧንቧ ልፈታ!»

«ፊትሽስ ትዳር የምትፈቺ ያስመስልሻል።»

በአጠገቡ አልፋ የፎቁን ደረጃ ወጣች። ባሏን ትወደዋለች። ያንን በሽቦና በፕላስተር የታሰረ ቤቷን ማጣት አትፈልግም፤ እንደ እናቷ መንገድ መንገድ እያየች ማርጀትም አትፈልግም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ እንባዋን በክርኗ ጠረገችና በሩን በመፍቻው ደበደበችው።

ከውስጥ ቀርፋፋ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተ፤ የሰጋቱራ ሽታ ወጣ። አንድ ሽማግሌ በምርኩዙ ተደግፎ፣ ቢጫ ሻሿን በእጁ ጨብጦ ቆሟል።

«ልጄ፣» አላት፣ «እንጨት ልገዛ ብዬ ዘገየሁብሽ።»