ከሐይቅ ዳር የመጣችው ምራት

ሰው ገና በድንጋይ ማጭድ በሚያጭድበት ዘመን፣ ዝናብ በቀረበት አንድ ዓመት፣ አሮጊቷ ባዶው ጎተራ ሥር ተንበርክከው የዘር ገንቦውን የጭቃ ክዳን በጥፍራቸው መፈርፈር ጀመሩ። ምራታቸው ከጀርባቸው ቆማ ነበር። ዘሩ ከተበላ ለከርሞ የሚዘራ እንደማይኖር ሁለቱም ያውቁታል።

«እማዬ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለችና፣ ከታች ከሐይቁ አጥምዳ የጠበሰችውን ዓሣ በቅጠል አድርጋ አጠገባቸው አስቀመጠች። እሷ የሐይቅ ዳር ልጅ ነበረች፤ የባሏ ወገኖች ግን ከውሃ የወጣ ነገር ቀምሰው አያውቁም።

«እኛ እህል በላተኞች ነን፤ ይሄ የእናንተ ምግብ ነው» አሉ አሮጊቷ።

«እኛም ዓሣ የለመድነው ደጃችን ውሃ ስለሆነ ነው፣ እማዬ። መሬታችን እህል ቢያበቅል እህል እንበላ ነበር።»

አሮጊቷ የፈረፈሩትን ጭቃ በምራቃቸው አርሰው፣ ቀስ ብለው መልሰው በክዳኑ ዙሪያ ለጠፉት። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብለው አጉረመረሙና ከዓሣው ቆርሰው ጎረሱ። ምራቲቱ ፊታቸውን እያየች ጠበቀች፤ እሳቸው ግን አኝከው የሚጨርሱ አይመስሉም ነበር።

«ጨው ረስተሻል» አሉ በመጨረሻ፤ እጃቸው ግን ወደ ቅጠሉ ተመልሶ ነበር።