የተከለከለ በሶ

ጤና መኮንኑ ቴዎፍሎስ የሕመም ማስታገሻውን ወግቶ ሲጨርስ የአቶ እንግዳውን ክንድ በጣቶቹ ከበብ አድርጎ ያየዋል። ወደ ልጃቸው ወደ የትናየት ይዞራል።

"ምን እየበሉ ነው?"

"ጎመንና እንቁላል። እህልና ማር ካቆመ ወራት አልፈዋል። ካንሰሩ የሚቀለበው በስኳር ነው ይላል ጥናቱ።"

ያነበበችውን ጥናት ስልኳ ላይ ከፍታ ታቀብለዋለች። እሱም መስኮቱ ሥር ቆሞ ያነባል። የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅ የገባ የጭነት መኪና ማርሽ እየቀየረ በደጅ ያልፋል፤ አባቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፊታቸውን ወደ ድምፁ ያዞራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ቁልቁለት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ስንቃቸውም በሶ ነበር።

"ይሄ እኮ አብዛኛው አይጥ ላይ የተሠራ ነው" ይላል ቴዎፍሎስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሰዎችም አሉበት። ሻል እንዳላቸው ተጽፏል።"

"አሉበት፤ ጥቂት ናቸው። እንደ ልባቸው ከበሉ ሕመምተኞች ጋር ግን አልተነጻጸሩም። ደክሟቸው ያቋረጡትንም ከቁጥር አውጥቷቸዋል። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ድሮውንም ጠንከር ያሉት ይሆናሉ።"

ዳባት ባዮሎጂ ስታስተምር፣ ተማሪዎቿን "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" እያለች የምታፋጥጠው እሷ ናት። ይህን ያነበበችው ግን የአባቷ ውጤት በተነገራት ዕለት ነው። "ሻል አላቸው" የሚለው ላይ ስትደርስ ማንበቧን ተወችው።

"እና መብላት ይችል ነበር?"

"በሽታውን አንቺ አላመጣሽውም፣ የትናየት።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

ቴዎፍሎስ ስልኩን ይመልስላታል። "ይችሉ ነበር" ይላል።

እሱን ሸኝታ ጓዳ ትገባለች። በሶውን በማር ወፈር አድርጋ በኩባያ ትበጠብጣለች። አባቷን በትራስ ቀና አድርጋ በማንኪያ ስታቀርብላቸው ሽታው ቀድሞ ይደርሳቸውና ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

"ተፈቀደልኝ እንዴ?"

"አዎ፣ አባዬ። ተፈቅዷል።"

ይጎርሳሉ። አፋቸው ውስጥ ይዘውት ይቆያሉ። ጉሮሯቸው ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል፤ አይወርድም። በፎጣ ትቀበላቸዋለች።

"ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው" ይላሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው። "ትንሽ ልረፍና እጨርሰዋለሁ።"

ኩባያውን ልትወስድ ስትል እጃቸውን ይዘረጋሉ። ትሰጣቸዋለች። ደረታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይይዙትና ዓይናቸውን ይከድናሉ። ኩባያው ከትንፋሻቸው ጋር ቀስ እያለ ከፍ፣ ዝቅ ይላል።