ጌድዮን ለእናቱ ያስነጠፈው ዥንጉርጉር ሴራሚክ

«ይሄ ወለል ነው ወይስ የተጣጣፈ ሱሪ?»

ፀዲ የእናቷን ቤት በር ከፍታ፣ ገና ሁለተኛ እግሯን ሳታስገባ የተናገረችው ይሄንን ነበር...

ከናይሮቢ በጭነት መኪና ተንገላታ መምጣቷ ነው። በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ ያኔ የሞያሌ መንገድ አስፋልት አያውቅም፣ ሰው አቧራ ጠጥቶ ወገቡ ተቆርጦ ነበር የሚደርሰው።

ወለሉ ግን ድካሟን አስረሳት።

ሳሎኑ ለስላሳ ነጭ ሴራሚክ ነው። መሀሉን ግን ሻካራ ቡናማ ሴራሚክ ሰንጥቆት ያልፋል... ከመኝታ ቤት ተነስቶ፣ ሶፋውን ዞሮ፣ አንዱ ወደ ሻወር ቤት፣ አንዱ ወደ ጓሮ በር። ሻወር ቤቱማ ከዳር እስከ ዳር ሻካራ!

«እማዬ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«ወንድምሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ተመችቶኛል» አሉ እናቷ ወይዘሮ አረጋሽ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

አሁን ጉዱን ስሙልኝ...

ወንድሟ ጌድዮን ሴራሚክ ሻጭ ነው! በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ስንቱ ሆቴል ከሱ ሱቅ ገዝቶ ነው ወለሉን ያሳመረው።

ለእናቱ ሲሆንስ?

ሰፈርተኛው ሲያማው ከርሟል። «የተራረፈውን ለቃቅሞ ነው ለናቱ ያነጠፈው፣ ሆዳም!» ይሉታል። ጌድዮን እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ፀዲ ሱቁ ድረስ ሄዳ ደንበኛ ፊት አፈጠጠችበት።

«አታፍርም? ለሆቴሉ ምርጥ ምርጡን፣ ለእናትህ ፍርፋሪ?»

«ፀዲ፣ እማዬን ከተመቻት ተይው።»

«እሷማ ምን ትበል! ልጇ ነህ፣ ትሸፍንሃለች!»

ጌድዮን ወደ ደንበኛው ዞሮ ዋጋ መናገሩን ቀጠለ።

ፀዲ የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት። ከፋሲካ በኋላ ሠርጓ ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች ይሄ ቤት ሊገቡ ነው። ያንን ወለል እንዲያዩ? በጭራሽ!

ጌድዮን ሲሚንቶ ሊያደርስ ኡራን ወደሚባል መንደር እንደወጣ ጠብቃ ከሌላ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ ገዛች። ያታኒ የሚባል ፉንዲ፣ ሴራሚክ አንጣፊ፣ ጠርታ ሻካራውን በመዶሻ አስነሳችው።

«ዳዳ፣ እህቴ፣ ሻወር ቤቱን እንኳን ተይው፣ ይሄ ያንሸራትታል» አላት ያታኒ።

«አንተ ሥራህን ሥራ!»

እናትየው ደጅ ተቀምጠው የመዶሻውን ድምፅ ሲሰሙ ልጃቸውን ጠሩ።

«ፀዲዬ... ያለው ይበቃኝ ነበር። ወንድምሽ እስኪመጣ እንኳን ብትጠብቂ...»

«እሱማ ሲመጣ አይቶ ይፈር!»

ሥራው አለቀ። ወለሉ መስታወት ሆነ፣ ፊት ያሳያል። ፀዲ እናቷን በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው።

«እንዴት ነው እማዬ?»

ወይዘሮ አረጋሽ ጫማቸውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዳበሱት፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው...

«ያምራል የኔ ልጅ። ሁሉም አንድ ሆነ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ፀዲ ሻይ ጥዳለች። እናቷ ሻወር ቤት ገብተዋል። ውሃው ሲወርድ ይሰማል፣ ቆመ።

«ፀዲዬ... በሩ በየት በኩል ነው?»

ፀዲ ሳቀች።

«እማዬ ደግሞ! ቤተ መንግሥት ሆነብሽ እንዴ?»

ከዚያ... ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማች።

ጌድዮን የደረሰው ለቀብር ነው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጎረቤቱ «ፖሌ ሳና፣ በጣም እናዝናለን» እያለ ሲያጽናና፣ ፀዲ ደረቷን እየደቃች ወንድሟ ላይ ጮኸች።

«አንተ ነህ! መጀመሪያውኑ እንደ ሰው ብትሠራላት እኔ ምን ያስነካኝ ነበር! እናቴን የገደልካት አንተ ነህ!»

ሰው ሁሉ ወደ ጌድዮን ዞረ።

ጌድዮን ቀስ ብሎ ተነሳ። እህቱ አጠገብ በርከክ አለ።

«ፀዲ... እማዬ አታይም ነበር።»

«ምን?»

«የዓይን ግፊት ነው፣ ከእንግዲህ አይመለስም አለን ሐኪሙ። ጭላንጭል ብቻ ነበር የቀራት። ያ ሻካራው መንገዷ ነበር። በእግሯ እየዳበሰች ነው ሻወርም ጓሮም የምትሄደው። እሷ እየተራመደች፣ እኔ ከኋላ ምልክት እያደረግኩ ነው ያስነጠፍነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?! ጌዲ፣ ለምን?!»

«አስማለችኝ። ‹ፀዲ ከሰማች ሥራዋንም ሠርጓንም ጥላ መጥታ፣ እጄን ይዛ ስትመራኝ ነው ዕድሜዋ የሚያልቀው። እስክትዳር አትነግራትም! እናቴ ትሙት በል!› አለችኝ... እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩላት።»

ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ፀዲ እግሩ ላይ ተደፋች። አቅፎ አነሳት፤ እሱም እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

«አንቺን አልቀየምኩሽም» አላት። «ይቅር ማለት ያቃተኝ ራሴን ነው።»

ወገኖቼ... ሰፈርተኛውን ተዉት፣ አፉ ሥራ ፈት ነው። እኔን ያንገበገበኝ የእነዚህ የሦስቱ ነገር ነው። እናት ለልጇ ብላ ደበቀች፣ ልጅ ለእናቱ ብሎ ዝም አለ፣ ሴት ልጅ ለእናቷ ብላ አፈረሰች። ክፉ ያሰበ አንድም የለም! ፍቅር ብቻውን አልበቃቸውም። ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ብለን፣ መልሱን እስኪነግረን እንታገሥ። እናትና አባቶቻችንም ሕመማችሁን አትደብቁን፤ ሳናውቅ የምንጎዳችሁ እኛው ነን።

እስቲ ልባችሁ ያለውን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...

እናንተ በጌድዮን ቦታ ብትሆኑ፣ በእናታችሁ ሞት የማላችሁትን መሐላ ታፈርሱት ነበር ወይስ እንደሱ ዝም ትሉ ነበር?